አባዬ ያውቃል፤ ግን የት ተጽፏል?

የቤትዎ ተማሪ ስልክዎን ተውሶ የቤት ሥራውን ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብለው ያውቃሉ? እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት በገና ሰሞን ቁጭ ብዬ ነበር። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ለሆነው ለእህቴ ልጅ «የራስ ደጀን ተራራ ከፍታ ስንት ሜትር ነው?» የሚል ጥያቄ ተሰጥቶት ነበር። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሦስት መልስ ይዞ መጣ፤ 4,533፣ 4,550 እና 4,620። «አክስቴ፣ የትኛውን ልጻፍ?» አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «መካከለኛውን ጻፍ» አልኩት።

ይህ የሆነው ደባርቅ፣ ወላጆቼ ቤት ነው። አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ቀና አለና፣ «ተምራ ተምራ ተራራውን በአማካይ ጀመረችው» አለ። እናቴ ሳቀች። ልጁ ግን አልሳቀም። መምህሩ ነገ «ከየት አገኘኸው?» ብለው እንደሚጠይቁት ያውቃል።

ልንገርዎ፣ በእኔ ሙያ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። በራሪ ወረቀት ላይ «ግንባር ቀደም» ወይም «በደንበኞች ተመራጭ» ብዬ ስጽፍ፣ ማንን እንደሚቀድም፣ ማን እንደመረጠው የሞገተኝ አለቃ የለም። እንዲያውም ትንሽ ቢጨመርበት ይወዳሉ። በዚህ የለመደ እጄ ነው እንግዲህ ውክፔዲያ ላይ ለመጻፍ የተነሳሁት።

ውክፔዲያን ያውቁታል፤ ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ ከፊት የሚመጣው እሱ ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈቃደኞች የሚጻፍ፣ ማንም ሰው ገብቶ ሊጨምርበትና ሊያርመው የሚችል የጋራ መዝገበ ዕውቀት ነው። በእንግሊዝኛ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት፤ የእኛው የአማርኛው ገና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። የዚያን ቀን ምሽት ልጁ ሲተኛ ስለ ከተማችን የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ገጽ ከፈትኩ። ሳነበው አጭር ሆነብኝ፤ ተቆጨሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩበት።

የመጀመሪያው ደባርቅ በእንግዳ ተቀባይነቷ የታወቀች፣ ማራኪ ከተማ መሆኗን የሚገልጽ ነበር። ሁለተኛው የራስ ደጀን ከፍታ 4,620 ሜትር ነው ይላል። (መካከለኛውን ትቼ ትልቁን መረጥኩ፤ የሙያ ልማድ ነው።) ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነበር፦ ከደባርቅ ወደ ሰሜን ሲወጡ ቁልቁል የሚጠመዘዘውን የሊማሊሞን መንገድ በጣሊያን ጊዜ ድንጋይ እየፈለጡ የሠሩት የአካባቢው ሰዎች እንደነበሩ። ይህን አባዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነግረኝ ኖሯል፤ አያቴ አንዱ ነበር።

በማግስቱ ለአባዬ ላሳየው ገጹን ስከፍት ሦስቱም የሉም። አንድ የማላውቀው ሰው አውጥቷቸው «ምንጭ አልተጠቀሰም» የሚል አጭር ማስታወሻ ትቷል። ለአባዬ ተረጎምኩለት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ታዲያ አባቴ ድንጋይ አልፈለጠም ነው የሚሉት?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ ያችን ጥያቄ ለመመለስ ነው ማለት እችላለሁ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ቀላል ነበር። ያ ሰው ዋሽታችኋል አላለንም። ያለው «አንባቢው ይህን በምን ያረጋግጣል?» ነው። ውክፔዲያ የጸሐፊውን ማንነት አይመዝንም፤ ፕሮፌሰርም ይሁን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አያየውም። ስለዚህ የሚያምነው ጸሐፊውን ሳይሆን ጸሐፊው የጠቆመውን መጽሐፍ፣ ጋዜጣ ወይም ጥናት ነው። ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ የምትታየዋ ትንሽ ቁጥር አቅጣጫ ጠቋሚ ናት። ነካ ሲያደርጓት ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደታተመ፣ በስንተኛው ገጽ ላይ እንዳለ ትነግርዎታለች።

ይህን ለአባዬ ሳስረዳው፣ በልጅነቱ ጥቂት ዓመት የአብነት ትምህርት ቤት ቆይቷልና ቶሎ ገባው። «ይሄማ የኔታ የሚጠይቁን ነው» አለ። የአንድምታ መምህራን አንድ ነገር ሲያትቱ ከመጽሐፍ ጥቅስ አምጥተው «እንዲል» ብለው ያስሩታል። ከራስ አፍልቆ ዝም ብሎ መናገር አይቻልም፤ ምስክር ይጠየቃል። እኔ አዲስ የፈረንጅ ሕግ የመሰለኝን ነገር እሱ ከእኔ ቀድሞ ያውቀው ነበር።

«ማራኪ ከተማ» የሚለው ዓረፍተ ነገሬ መውጣቱ ብዙ አላከራከረንም። ማራኪነት በምን ይረጋገጣል? ተውነው።

የተራራው ቁጥር ግን ሰፊ ትምህርት ሆነ። ሦስቱም ቁጥሮች በታተሙ ነገሮች ላይ አሉ። 4,620 በቆዩ መጻሕፍትና ካርታዎች ላይ በብዛት ይታያል፤ ሁለቱን ዝቅ ያሉትን ደግሞ በኋላ የወጡት ይጠቀሙባቸዋል። ደንቡ አማካይ አውጣ አይልም፤ ትልቁን ምረጥም አይልም። የምትመካበትን ጥቀስ፣ ምንጮቹ ካልተስማሙ አለመስማማታቸውን ጻፍ ነው የሚለው። የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ለመምህሩ ሦስቱንም ቁጥሮች ከየት እንዳገኛቸው ጨምሮ ጻፈ። መልሱ ከጥያቄው ረዘመ እንጂ እንዲያ የተሟላ የቤት ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ሌላም ምሳሌ ከደጃችን አለ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ነው። ሰው ሁሉ ከዚያ ተነስቶ ነው ሳንቃ በር፣ ግጭና ጨነቅ ድረስ ጭላዳና ዋልያ ለማየት የሚወጣው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስፋቱ ስንት ነው ቢሉ አንዱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 412 ይልዎታል። ማን ተሳሳተ? ማንም። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው የተያዘው 13,600 ሄክታር ነው፤ ይህም 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። 412 ደግሞ የፓርኩ ወሰን በኋላ ሲሰፋ የመጣ ነው። አንድ የቆየ መጽሐፍ ላይም ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ሊያነቡ ይችላሉ። ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. እውነት ነበር፤ ከዚያ ግን ከዝርዝሩ ወጥቷል። ልጅዎ መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት ካልጻፈ የድሮውን እውነት የዛሬ አድርጎ ያቀርበዋል።

ስሙም ራሱ ጣጣ አለበት። ብዙዎቻችን በባንኩና በቢራው ምክንያት «ዳሽን» ማለት ለምደናል። የአገሩ ሰው ግን ራስ ደጀን ነው የሚለው፤ የአገራችን ካርታ ሥራ ድርጅትም ይጠቀምበት የነበረው ይህንኑ ነው። «ዳሽን» በፈረንጅ አጻጻፍ ተበላሽቶ ወደ እኛ የተመለሰ ነው። የእህቴ ልጅም ሳንቃ በርን ከእንግሊዝኛ ገልብጦ «ሰንካበር» ብሎ ጽፎት አባዬ ሊጮህ ምንም አልቀረውም። ሳንቃውም በሩም ጠፋ! የአማርኛ ስምን ከእንግሊዝኛ መልሶ መገልበጥ እንዲህ ያደርጋል።

አሁን ወደ ዘመን አቆጣጠር ልውሰድዎት፤ እኛ ኢትዮጵያውያን በብዛት የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ከደባርቅ ብዙ በማይርቀው በደረስጌ ማርያም ካሳ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። መቼ? በአንዱ መጽሐፍ 1847፣ በሌላው 1855 ነው። ሁለቱም የካቲት ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ቀን ናቸው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማሳያ ቢፈልጉ የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የታወቀ የታሪክ መጽሐፍ ርእስ ይመልከቱ። በእንግሊዝኛው ላይ ከ1855 እስከ 1974 ይላል፤ በአማርኛው ላይ ከ1847 እስከ 1966። ታሪኩ አንድ ነው፤ ዘመኑ ግን በስምንት ዓመት የተለያየ ይመስላል።

ሁልጊዜ ስምንት ቀንስ ብለው ለልጅዎ ካስተማሩት ደግሞ ሌላ ስሕተት ይመጣል። ከመስከረም መባቻ እስከ ፈረንጆች ታኅሣሥ ማብቂያ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከጥር እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። ወሩን ሳያውቁ ዓመት መቀየር መገመት ይሆናል። እኔ አሁን ሁልጊዜ መጽሐፉ ላይ የታተመውን ዓመት እንዳለ እጽፍና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» እጨምርበታለሁ። ሁለት ፊደል መጨመር የሚቀጥለውን አንባቢ ከስምንት ዓመት ስሕተት ያድነዋል።

ይህን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ የደራሲው ስም መጣ። ምንጭ ለመጥቀስ ውክፔዲያ የሚያቀርበው ቅጽ አለ። የሚጠይቀው እንደ ፈረንጅ ወግ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ለየብቻ ነው። እኔም ባሕሩን የራስ ስም፣ ዘውዴን የቤተሰብ ስም አድርጌ ሞላሁት፤ ገጹም «ዘውዴ፣ ባሕሩ» ብሎ አወጣው። በአገራችን ደንብ አባትን ደራሲ ማድረግ ነው ይህ። እኛ በራሳችን ስም ነው የምንጠራው፤ ቤተ መጻሕፍትም የኢትዮጵያውያንን መጻሕፍት በራስ ስም ፊደል ተራ ያስቀምጣሉ። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ቅጹ ስሙን ሳይከፍል የሚቀበል «ደራሲ» የሚል አንድ ሌላ ቦታ አለው፤ እዚያ ላይ «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ እንዳለ መጻፍ ነው። ውጭ አገር የሚማሩ ልጆች ያሏችሁ ይህችን ንገሯቸው፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸው ላይም ይጠቅማቸዋል።

የድረ ገጽ ምንጭ ከሆነ ደግሞ ያዩበትን ቀን ይጻፉ። የእኛ አገር መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጽ ዛሬ ያዩት ነገ ላይኖር ይችላል። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ድርጅት የገጾችን ቅጂ ያስቀምጣል፤ ገጹን እዚያ አስቀምጠው የቅጂውን አድራሻ ከጠቀሱ ዋናው ቢጠፋም አንባቢዎ መንገድ አያጣም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ልጅዎ ምንጩን «ውክፔዲያ» ብሎ እንዲጽፍ አይፍቀዱለት፤ ውክፔዲያ ራሱም ራሱን እንደ ምንጭ አይቀበልም። ትንሿን ቁጥር ነክቶ፣ ዋናውን መጽሐፍ አይቶ፣ ያየውን ይጥቀስ። ያለዚያ የሚሆነውን ልንገርዎ። በ2008 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ኮአቲ ስለሚባል የደቡብ አሜሪካ እንስሳ በሚናገረው ገጽ ላይ ለቀልድ ብሎ «የብራዚል አዋልዲጌሣም ይባላል» የሚል ጨመረ። ስሙን የፈጠረው ራሱ ነው። ምንጭ የጠየቀው አልነበረም። ቆይቶ ጋዜጦች ከውክፔዲያ አይተው ስሙን ተጠቀሙበት። ከዚያ እነዚያው ጋዜጦች ለውክፔዲያው ገጽ ምንጭ ሆነው ተጠቀሱ! ቀልዱ ክብ ሠርቶ ወደ ራሱ ተመለሰ፤ የታወቀውም ከዓመታት በኋላ ነው። በማርኬቲንግ ቋንቋ በጣም የተሳካ ዘመቻ ይባል ነበር።

«የእኛ አገር ነገር ምንጭ የለውም» ብዬ ደግሞ አጉረምርሜ ነበር። እዚህ ላይ አባዬ አሳፈረኝ። ዳባት ውስጥ ከቤት ቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባ የወጣውን የሚመዘግቡ ሰዎች እንዳሉ አያውቁም ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ «እነሱ የት ነው የሚጽፉት?» አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዳባት የምርምር ማዕከል ማለቱ ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአካባቢውን ሕዝብ ጤናና ቁጥር ይከታተላል፤ በእሱ ላይ የተመሠረቱ ጥናቶችም በዓለም የሳይንስ መጽሔቶች ታትመዋል። እኔ ዳባትን የማውቃት ወደ ደባርቅ ስንሄድ ሻይ የምንጠጣባት ከተማ አድርጌ ነው። አዲስ አበባም የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር አለ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም ኖሯል። የእኛ ነገር አልተጻፈም ከማለት በፊት መፈለግ ይቀድማል።

የአያቴ ነገር ግን ቀረ።

የሊማሊሞ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን እንደተሠራ የሚናገር የታተመ መጽሐፍ አገኘሁ። ገጹን ጠቅሼ አስገባሁት፤ ማንም አላወጣውም። ድንጋዩን ማን እንደፈለጠ ግን መጽሐፉ አይናገርም። ወደ ደባርቅ ስመለስ ይህንኑ ለአባዬ ነገርኩት። ደስ አላለውም። «እኔ ልጁ ነኝ። ከእኔ የበለጠ ምስክር ከየት ሊመጣ ነው?»

ስለ አንድ ታዋቂ አሜሪካዊ ደራሲ አጫወትኩት። ፊሊፕ ሮት ይባላል። ውክፔዲያ የአንዱ ልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ በእገሌ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ሮት «አይደለም፣ መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብሎ ሊያሳርመው ሞከረ። ሌላ የታተመ ምንጭ ያስፈልጋል አሉት። በ2012 እ.ኤ.አ. ተናደደና ኒው ዮርከር በተባለው መጽሔት ላይ ረጅም ግልጽ ደብዳቤ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ቃሉ የሚጠቀስ ሆነ፤ ምክንያቱም አሁን ማንም ሰው ሊያነበው የሚችል ነገር ነው።

አባዬ በጥሞና አዳመጠ። «ስለዚህ ሰውየው መጻፍ ነበረበት» አለ።

ነገሩ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላሳመንኩትም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አላመንኩበትም። ደንቡ ብዙ መጻሕፍት ላሳተመ አገር ያደላል። ታሪኩን በቃል የሚያወርስ ሕዝብ በዚህ ሚዛን ሁልጊዜ ይቀልላል። ይህን ቅሬታ ያነሳሁት የመጀመሪያዋ ሰው እኔ አይደለሁም። በ2011 እ.ኤ.አ. ሕንድና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የአረጋውያንን ቃል ቀድቶ እንደ ምንጭ ለመጥቀስ የሞከረ ፕሮጀክት ነበር። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ግን ለምን ጥንቃቄ እንደሚደረግም ይገባኛል። እኔ በአንድ ምሽት የተራራ ከፍታ ከመረጥኩ፣ ሌላው ሰው ደግሞ የአያቱን ጀግንነት መምረጥ ይችላል።

ስለዚህ በዚያው ሳምንት ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ድምፅ መቅጃውን ከፈትኩ። ጠያቂ የሆነው የእህቴ ልጅ ነው፤ ከመምህሩ የለመደውን ሁሉ አያቱ ላይ አወረደው። «አባባ፣ ይህን ማን ነገረህ?» «አባቴ።» «አንተ ስንት ዓመትህ ነበር ሲነግርህ?» «ከአንተ አነስ እል ነበር።» «ሌላ ማን ሠርቷል?» አባዬ አራት ሰው በስም ጠራ፤ ከእነሱ የሁለቱን ሰፈር ጭምር። «ስንት ዓ.ም. ነው የጀመሩት?»

አባዬ አፉን ከፈተና ዘጋው። ምድጃውን እየተመለከተ ቆየ። እኔ በልጅነቴ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ዓመቱን ጠይቄው አላውቅም። «እሱን አልነገረኝም» አለ።

«እንገምት?» አልኩ እኔ።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዞረው አዩኝ። አባዬ ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጣለና ከዘራውን አነሳ። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ አንድ ዘጠና የሞላቸው አዛውንት አሉ፤ አባታቸው እዚያው መንገድ ላይ ሠርተዋል። «ሳይመሽ ልጠይቃቸው» ብሎ ወጣ። የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ከኋላው ሮጠ።